ፎርማት ይደረግ

በሰፈራችን ለኮምፒውተር በሽታ ሁሉ የሚታዘዘው መድኃኒት አንድ ነው፤ ፎርማት። ቀርፈፍ አለ? ፎርማት ይደረግ። ድምፅ አልሰጥ አለ? ፎርማት ይደረግ። አንድ ቀን የማውስ ገመድ ተበጥሶብኝ ብሄድ፣ አደባባዩ ጥግ ያለው ጥገና ቤት የሚሠራው ልጅ ገመዱን አገላብጦ አየና "ፋዘር፣ ኮምፒውተሩንም ይዘውት ይምጡና ለማንኛውም ፎርማት እናድርገው" አለኝ።

ልጁ ክፉ አይደለም፤ እጁም ፈጣን ነው። ብቻ የእሱ ፎርማት፣ አይጥ ገባች ተብሎ ቤቱን ከነዕቃው አቃጥሎ እንደ አዲስ እንደመሥራት ነው። አይጧ እንደምትሞት አያጠራጥርም።

እኔ ደግሞ ቤቴን ማቃጠል አልችልም። የእድር ጸሐፊ ነኝ።

የእድር ጸሐፊነት ምን እንደሆነ ያልደረሰበት አያውቀውም። የ140 አባወራ ስም፣ የስንት ወር መዋጮ በማን ላይ እንዳለ፣ ማን ቀብር ቀርቶ ስንት እንደተቀጣ፣ ማን የሚስቱን አክስት "እናቴ ናቸው" ብሎ ሊያስመዘግብ ሲል እንደተያዘ፣ ይህ ሁሉ ያለው ሳሎናችን ጥግ ዳንቴል ለብሶ በተቀመጠው ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መተዳደሪያ ደንቡን በ1994 ዓ.ም. በገዛ እጃቸው ተይበው ነበር። ሲያስረክቡኝ "ይህን ያጠፋ ሰው፣ ሲሞት ማን እንደሚቀብረው አስቦበት ይሁን" አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት ነው። ኮምፒውተሬን ከመጣ ጀምሮ ሲያስተዳድረው የኖረው ዊንዶውስ 10፣ ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ለዓለም የወጣው ማለት ነው፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጡረታ ገባ። ኮሌጅ የምትማረው ልጄ "አባዬ፣ ከእንግዲህ የተለመደው የደህንነት አፕዴት አይመጣለትም፤ ወደ 11 መሻገር አለብህ" አለችኝ። እኔ እንደገባኝ ዘበኛው ጡረታ ወጥቷል። በሩ እንደ ድሮው ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ሌባ ሲመጣ ግን የሚጮህ የለም። የእድር ንብረት ያለበት ቤት ያለ ዘበኛ አያድርም ብዬ ቆረጥኩ።

ወንዝ ከመሻገር በፊት ስንቅን ማሰር ነውና በመጀመሪያ የእድሩን ፋይሎች በሙሉ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። ደህና መገልበጣቸውን ለማየት ፍላሹን የልጄ ላፕቶፕ ላይ ሰካነውና መተዳደሪያ ደንቡን ከፈትነው።

ደንብ አልነበረም። የፈረንጅ ፊደል ነበር፤ ያውም የታወቀው ዓይነት አይደለም። ቆብ የደፋ፣ ከሥሩ ጭራ ያበቀለ፣ ከላይ ሁለት ነጠብጣብ የተንጠባጠበበት፣ መሀል መሀል ላይ ደግሞ የፓውንድ ምልክት። "አንቀጽ አንድ፣ የእድሩ ስም" ሊል ሲገባው የሆነ የስካንዲኔቪያ ባንክ ደረሰኝ መሰለ። ባለቤቴ በትከሻዬ ላይ አሾልካ አየችና "የሰው ዓይን ነው" አለች። ጥገና ቤት ያለው ልጅ በበኩሉ በሩቁ አንዴ ተመልክቶ "ቫይረስ በልቶታል ፋዘር" አለ። ቀጥሎ ምን እንዳለ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ኮምፒውተሩን የላከልኝ ታናሽ ወንድሜ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል። ሥራው ምን እንደሆነ በውል ገብቶኝ አያውቅም። እናታችን "ኮምፒውተር ይጠግናል" ስትል ይናደዳል፤ ሥራውን ሲያስረዳን ደግሞ እኛ እናፍራለን። ደወልኩለት፤ የልጄን ስልክ ወደ ስክሪኑ አዙሬ አሳየሁት። ሳቀ።

"ጋሼ፣ ፋይሉ ደህና ነው። የጠፋው ፊደሉ ነው።"

ይህን ነገር ካስረዳኝ በኋላ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እናንተም አብራችሁኝ ብታድሩ ደስ ይለኛል። ኮምፒውተር ሀን አያውቅም፣ ኤንም አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጠዋል። ድሮ ድሮ አንድ ፎንት ቢበዛ 256 መቀመጫ ነው የነበረው፤ ከመቀመጫዎቹ ብዙዎቹን ፈረንጆቹ ከነቆባቸውና ከነጭራቸው ተቀምጠውባቸዋል። ለእኛ የተያዘ አንድም ወንበር አልነበረም። የኛ ሰዎች ታዲያ ምን አደረጉ? ቁጥሩን ሳይነኩ ሥዕሉን ቀየሩት። ኤ የምትቀመጥበት ቁጥር ላይ ሀን፣ ቢ የምትቀመጥበት ላይ ሁን ሳሉ። ፊደላችን ከነዘር ማንዘሩ ወደዚያ ቤት አልገባ ሲል አንዳንዶቹ ለሁለት ለሦስት ፎንት ከፈሉት፣ አንዳንዶቹ ደግሞ እግርና ቅጥያውን ለብቻ ሠርተው ጽሕፈቱ ላይ ገጣጠሙት። በእውነቱ ብልሃት ነው፤ ባለሙያ ልብስ ሰፊ ከአንድ ሜትር ጨርቅ ሱሪም ሰደሪያም ሲያወጣ እንደማየት ያለ። በዚህ ብልሃት ስንት ጋዜጣ ታተመ፣ ስንት የሠርግ መጥሪያ ተበተነ!

መዘዙ ግን ይኸው ነው። ሟቹ ጸሐፊ የተየቡት ደንብ ለኮምፒውተሩ ከመጀመሪያውም የፈረንጅ ቃርሚያ ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ያ ጭምብል ፎንት ብቻ ነው። በፈረንጆቹ 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል 345 የራሱ ቁጥሮች ሰጠው፤ በ2007 ደግሞ ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ መጣ። በእነዚህ ቁጥሮች የተጻፈው የትም ቢሄድ አማርኛ ነው። በጭምብል የተጻፈው ግን፣ ሰው ነቅቶ ካልለወጠው በቀር፣ እስከ ዛሬ ከነጭምብሉ አለ።

"ስለዚህ ፍላሹ ላይ የያዝከው ደንቡን ነው፤ ፊደሉን አልያዝክም" አለ ወንድሜ። "ፊደሉ ያለው እዚያ አሮጌው ኮምፒውተር ፎንት ፎልደር ውስጥ ብቻ ነው።"

ያ ልጅ ስንት ጊዜ ነው ፎርማት እናድርገው ያለኝ? ቆጠርኩ። ሰባት ጊዜ። ሰባት ጊዜ የእድራችን ፊደል ከሞት አፋፍ ተመልሷል፤ ማንም ሳያውቅ፣ ለቅሶ ሳይደረስ። ወዲያው ፎንት ፎልደሩን ከፍቼ የጭምብሉን አምስት ፋይሎች ሌላ አዲስ ፍላሽ ላይ ገለበጥኳቸው። የ140 አባወራ ሕግ የሚነበብበት ፊደል ሁሉ ተሰብስቦ በስልክ ከተነሳች አንዲት የሠርግ ፎቶ ያነሰ ቦታ ያዘ። ትንሽ ቅር አለኝ።

አሁን መሻገር ነው። ግን አዲሱን ዊንዶውስ ለማውረድ ገጹን ብከፍት "ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም" ይለኛል። ሌላም ከፈትኩ፣ እሱም አስተማማኝ አይደለም። ዜና ማንበቢያው፣ የባንኩ፣ የአየር ጠባዩ፣ ዓለም በሙሉ በአንድ ጀምበር አስተማማኝ መሆኑ ቀረ። ለወንድሜ ደወልኩ።

"ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ዓመቱን ስንት ይላል?"

"2018።"

"ምን?!"

"2018 ነዋ! ቀኑ ትንሽ ይሳሳታል እንጂ ዓመቱ ልክ ነው።"

ዝም አለ። ከዚያ ሳቁ ከአትላንቲክ ማዶ እየተንከባለለ መጣ። ነገሩ ወዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓት የምትቆጥርለት አንዲት ሳንቲም የምታህል ባትሪ ማዘርቦርዱ ላይ አለች። እሷ ሞታለች። እኔ ደግሞ መብራት ሲመጣ ሲሄድ እንዳያቃጥለው እያልኩ ማታ ማታ ሶኬቱን እነቅላለሁ። ስለዚህ ጠዋት በተነሳ ቁጥር ወደ ትውልድ ዘመኑ፣ ወደ ፈረንጆቹ 2018 ይመለሳል። እኔ ለሳምንታት ሳየው የኖርኩት "ይኸው በመጨረሻ የኛን ዘመን አቆጣጠር ለመደ" እያልኩ ነው። ለእንግዳም አሳይቻለሁ።

ገጾቹ ለምን እምቢ እንዳሉም ያኔ ገባኝ። እያንዳንዱ ገጽ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት መታወቂያ አለው። 2018 ላይ ለቆመ ኮምፒውተር በ2025 የተሰጠ መታወቂያ፣ ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ነው። ዘበኛ ብሆን እኔም አላስገባውም።

ባትሪዋን ፍለጋ ሰዓት አዳሹ ዘንድ ሄድኩ። ስሟ ሲአር 2032 ነው። "እስከ 2032 ድረስ ትሠራለች ማለት ነው?" አልኩት ለጨዋታ ያህል። ሰዓት አዳሹ በማጉያ መነጽሩ ቀና ብሎ አየኝና "በየትኛው አቆጣጠር?" አለ። ለካ ቁጥሩ ልኳ ነው፤ ስፋቷ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቷ 3.2።

ቀጣዩ ደንቃራ ቲፒኤም የሚባል የምስጢር ቁልፍ ያዥ ነበር። ዊንዶውስ 11 ይህ ነገር፣ ያውም 2.0 የሚባለው፣ ካልተገኘ አልገባም ይላል። የእኔ ኮምፒውተር ለካ አለው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ተኝቶ ነው የኖረው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አንዷን ቁልፍ እንደ ነጋሪት እየደበደቡ ባዮስ የሚባለው ጓዳ መግባትና መቀስቀስ ነው። በአራተኛው ሙከራ ቀሰቀስኩት። ስለዚህ ብዙ አላወራም፤ ከሌላው ጋር ሲተያይ ሰርግና ምላሽ ነበር።

ሌላው ይኸው። ከ5 ጊጋ ባይት በላይ የሆነውን ፋይል ሁለት ሌሊት አውርጄ፣ በስመአብ ብዬ ጀመርኩ። ትንሽ ሄደና በእንግሊዝኛ እንዲህ የሚል መልእክት ብቅ አለ፤ ለሥርዓቱ የተያዘውን ክፍል ማደስ አልቻልንም። "አልቻልንም" ነው የሚለው፤ "አልቻልኩም" አይደለም። ስንት ሆነው ነው የሞከሩት? ከሥሩ ደግሞ ቁጥር አለ። ልጄ እያነበበች እኔ ጻፍኩ፤ ዜሮ፣ ኤክስ፣ ሲ፣ አንድ፣ ዘጠኝ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ዜሮ፣ አራት። ቀስ ተብሎ ሲነበብ እንደ ዜማ ነው፤ ባለቤቴ ጓዳ ሆና "አሜን" አለች።

ቦታ ጠበበው ብዬ ማጽዳት ጀመርኩ። የስድስት ሠርግ ቪዲዮ አወጣሁ፤ ሁለቱ ጋብቻዎች ፈርሰዋልና ቅር አላለኝም። ልጄ ስምንተኛ ክፍል ሳለች ያከማቸቻቸውን ፊልሞች አጠፋሁ። 40 ጊጋ ባይት ባዶ ሆነ። እንደገና ሞከርኩ። አልቻልንም።

ሐሙስ ቀን ወንድሜ መልእክት ላከ፤ "ዛሬ በሦስት ሰዓት እደውልልሃለሁ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ በል።" እራቴን በጊዜ በልቼ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ሲል ቁጭ አልኩ። ሦስት ተኩል ሆነ። ሩብ ጉዳይ ሆነ። ልክ አራት ሰዓት ሲል ደወለ። "እኔ እዚህ ሦስት ሰዓት ነው" አለ፣ እሱ ደግሞ በመገረም። ሃያ ዓመት ውጭ የኖረ ሰው ቋንቋው አይጠፋውም፤ መጀመሪያ የሚጠፋው ሰዓቱ ነው።

ወንድሜ እንዳለው ያጸዳሁት ቤት ሌላ፣ የሞላው ቤት ሌላ ነው። ሳሎኑን ጠርጌ ጠርጌ፣ የታጨቀችው ለካ ደረጃ ሥር ያለችው ቁም ሳጥን ናት። በኮምፒውተሩ ዲስክ ውስጥ ለብቻዋ የታጠረች፣ ስም የሌላት፣ እኛ የማናያት፣ ሁለመናዋ 100 ሜጋ ባይት የሆነች ክፍል አለች። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አንደኛ የሚረግጣት እሷን ነው። አዲሱ ዊንዶውስ እዚያ 15 ሜጋ ባይት ያህል ክፍት ቦታ ይፈልጋል።

"ምንድነው የሞላት?" አልኩት።

"ከሞሏት አንዱ ፊደል ነው" አለኝ።

"የምን ፊደል?"

ቻይንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛ። ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ አንዳች ነገር ቢገጥመው፣ ባለቤቱ ቻይናዊ ቢሆን በቻይንኛ ይቅርታ የሚጠይቅበት፣ ጃፓናዊ ቢሆን በጃፓንኛ የሚያረዳበት ፎንት ነው። ተደማምረው ከ10 ሜጋ ባይት በላይ ይሆናሉ። እዚህ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ፣ ዳንቴል በለበሰ ኮምፒውተር ውስጥ፣ ለሰባት ዓመት አንድም ቻይናዊ ሳይመጣ ተዘጋጅተው ጠብቀዋል። የኛ ፊደል ባለመኖሩ ባዝንም፣ በአማርኛ መርዶ ሳይነገረን መኖራችን በጎ ጎን አለው።

"እነሱን እናጥፋቸው" አለ ወንድሜ።

ልቤ ምት ሳተች። ሳምንቱን ሙሉ ፊደል እንዳይጠፋ ስጠብቅ ከርሜ፣ መጨረሻ ላይ "ፊደል አጥፋ" ትባላለህ። የእድሩ ፊደል ያለው ሌላ ፎልደር መሆኑን ሦስት ጊዜ አስማልኩት። አራተኛ ልጠይቀው ስል "ጋሼ፣ እዚህ ሥራ ላይ ነኝ እኮ" አለ።

ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ተከፈተ። ወንድሜ እያለ እኔ እጽፋለሁ። "ማውንትቮል፣ ክፍት ቦታ፣ ዋይ፣ ሁለት ነጥብ..." ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ አላውቀውም አለ። ደግመን ጻፍን፤ አላውቀውም። ሩብ ሰዓት ከተጨቃጨቅን በኋላ ነው የታየን። ሁለት ነጥብ ሲለኝ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ እየመለስኩ የኛን ሁለት ነጥብ፣ ቃል ከቃል የሚለየውን፣ ነበር የማስቀምጥለት። ጥቁሩ መስኮት ደግሞ ያቺን የሚያያት ባዶ ሣጥን አድርጎ ነው። ቀጥሎ በጋደለው መስመር ተጣላን፤ ወደ ግራ ያጋደለችው አለች፣ ወደ ቀኝ ያጋደለችው አለች፣ አንዷ በሌላዋ ፈንታ አትቆምም። ስልክ ላይ "አናቷ ወዴት ነው?" እየተባባልን፣ የሰማን ጎረቤት አዋላጅ መስለነው እንደሆነ እንጃ።

በመጨረሻ የተደበቀችው ክፍል ተከፈተች፤ ፎንቶቹ ያሉበት ደረስን፤ ሁሉንም አጥፋ የሚለውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ አንዲት ጥያቄ ጠየቀ። እርግጠኛ ነህ?

ስልኩ ተቋረጠ።

ደወልኩ፣ አይሠራም። ጣቴ ዋይ ላይ ተንጠልጥሎ ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀመጥኩ። ሦስት ሕዝብ ያህል ፊት ለፊቴ ቆሞ "ምን አድርገንህ?" የሚለኝ መሰለኝ። ባለቤቴ የቡና ስኒዎቹን ልታነሳ መጥታ "ምን ይልሃል?" አለች።

"እርግጠኛ ነህ ወይ ይላል።"

"አንተ ደግሞ መቼ እርግጠኛ ሆነህ ታውቅና ነው?" አለችና በስኒ በተያዘ እጇ ትንሿን ጣቷን ዘርግታ ዋይን ነካች። ከዚያ ኢንተር።

በማግስቱ አፕግሬዱ ያለ አንዳች ኩርፊያ ተነሳ። 12 በመቶ። 30 በመቶ። ሪስታርት። እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ ቡና አፍልተን ከበን ተቀመጥን፤ ምርጫ ቆጠራ የምንከታተል እንጂ ኮምፒውተር የምንጠብቅ አንመስልም ነበር። 61 በመቶ ላይ መብራት ሄደ።

ለእንዲህ ያለ ቀን ተብሎ የተገዛ ዩፒኤስ ጠረጴዛው ሥር አለ። ባትሪው ካለቀ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የቀረው ጩኸቱ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ወዲያው ሞተ፣ ዩፒኤሱ አስር ደቂቃ ሙሉ አለቀሰ። አስለቃሽ ቀጥረን የተቀመጥን ይመስል ነበር። ሻማ በርቶ፣ እሱ ጢጥ ጢጥ እያለ፣ ማንም ምንም አልተናገረም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ግድም መብራት ሲመጣ በባዶ እግሬ ሄጄ አስነሳሁት። የቀድሞው ዊንዶውስ እየተመለሰ ነው የሚል ጽሑፍ አየሁ። ጠዋት ላይ ዊንዶውስ 10 ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ ብሏል፤ የእድሩ ደንብ በአማርኛ፣ ከነአንቀጹ። ይህን ማሽን ከዚያ ቀን ጀምሮ አከብረዋለሁ። መንገድ ሲጀምር መመለሻውን አስቦ ነው። ተሳክቶለት ከተሻገረ በኋላ እንኳ አሮጌውን ሥርዓት ለ10 ቀን አንድ ፎልደር ውስጥ ያቆየዋል፤ አልወደድኩትም ብትል ትመለሳለህ። "ይህን የመሰለ የመጸጸቻ ቀን ለሠርግም ቢኖር" አልኩ ለራሴ መስሎኝ። ባለቤቴ ለካ ነቅታለች።

ሁለተኛው ሙከራ ቅዳሜ ሆነ፤ ቅዳሜ ደግሞ የእንጀራ ቀን ነው። ምጣዱ ሲሰካ ቆጣሪው እንደሚዘል የታወቀ ነው። ድርድሩ ረጅም ነበር። እሷ ሊጡ እንዳይኮመጥጥ፣ እኔ ኮምፒውተሩ እንዳይቋረጥ። የ140 አባወራ ጉዳይ ነው ብዬ ብነግራት "140ዎቹ ነገ ደረቅ ዳቦ ይብሉ?" አለችኝ። መጨረሻ ላይ በጎረቤት ምጣድ ተጋገረ፤ ለውለታው የጎረቤትን የሦስት ወር ቅጣት ላነሳ አልችልም እንጂ፣ ተጠይቄ ነበር።

አመሻሽ ላይ ገባ። ከሁለት ሳምንት መከራ፣ ከአንድ ባትሪ፣ ከሦስት ሕዝብ ፊደልና ከአንድ የሻማ ሌሊት በኋላ፣ በዓይን የሚታየው ለውጥ ከታች ግራ ጥግ የነበረችው መነሻ ምልክት ወደ መሀል መሄዷ ነው። ልጄ አንድ ቦታ ነካ አድርጋ ወደ ግራ መለሰችልኝ።

እሁድ ስብሰባ ላይ ሪፖርት አቀረብኩ። የእድሩ ዳኛ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና "ልጄ፣ ይህ ደንብ ባንተ ኮምፒውተር ካልሆነ አይነበብም ነው የምትለው?" አሉ። ወደ አዲሱ ፊደል የሚለውጥ ፕሮግራም እንዳለ፣ ጉባኤው ከፈቀደ በአንድ ቀን እንደምለውጠው አስረዳሁ። አዳራሹ ተንጫጫ። አንዱ ተነስቶ ደንቡን ለመለወጥ የአባላት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንደሚያስፈልግ ራሱ ደንቡ ይላል አለ። ደንቡን አይደለም፣ ፊደሉን ነው ብል "ደንቡ ከፊደል ሌላ ምን አለው?" ተባልኩ። መልስ አጣሁ። እስካሁንም አላገኘሁለትም።

ስለዚህ ተወሰነ። ፊደሉ እስኪለወጥ የእድሩ ንብረት ሆኖ ይመዝገብ ተባለ። ከድንኳኑ፣ ከአግዳሚ ወንበሩና ከብረት ድስቱ ቀጥሎ ባለው መስመር ላይ በራሴ እጅ "ፊደል፣ 1 ፍላሽ" ብዬ ጻፍኩና ለንብረት ጠባቂው ሰጠሁ። ንብረት ጠባቂው ፍላሹን አገላብጠው አዩት።

"ስንት ናቸው?"

"ፋይሎቹ አምስት ናቸው።"

"ፋይል አልጠየቅሁም። ፊደሉ ስንት ነው? እኔ ሳህንም ሲወጣ ሲገባ ቆጥሬ ነው የምረከበው።"

ከኋላ አንድ መምህር "33 በ7፣ 231" አለ። ንብረት ጠባቂው ሊጽፉ ብዕራቸውን ሲያነሱ፣ ቄስ ትምህርት ቤት ያደጉት ዳኛ በከዘራቸው ወለሉን መታ አደረጉና "ዲቃሎቹስ?" አሉ። ቋና ኳ፣ ጓና ኋ፣ ሏና ሟ ይቆጠሩ አይቆጠሩ በሚለው ላይ አንድ ሰዓት ተከራከርን። መስማማት ስላልተቻለ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ። ንብረት ጠባቂው ለጊዜው "በታሸገ ፖስታ፣ ያልተቆጠረ ፊደል" ብለው ፈርመው ተረከቡኝ።